ሊፈስ የነበረ ውኃ

ስለት አለብኝ። "ይህን ልጅ ብታተርፊልኝ እመሰክራለሁ" ብዬ ለእመቤቴ ቃል ገብቼ ነበር። ዓመት አዘገየሁት። እሷ ይቅር ትበለኝና ይኸው ልመስክር።

ነገሩ የሆነው ካሊፎርኒያ ነው፣ ሳንታ ክሩዝ የምትባል ደሴት ላይ። ከሎስ አንጀለስ ወደ ቬንቹራ ወደብ በመኪና ትሄዳላችሁ። ከዚያ ጀልባ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከካሊፎርኒያ ደሴቶች ትልቋ እሷ ናት። ሆቴል የለም፣ ሱቅ የለም፣ ስልክ አብዛኛው ቦታ ላይ አይሠራም። ተራራ፣ ገደል፣ ንፋስና ቁራ አለ። ቁራውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እኔ ድንኳንና ምግብ በጀርባዬ አዝዬ ተራራ ለተራራ መሄድ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የሥራ ባልደረባዬ አንዴ ወሰደኝ፣ በዚያው ለመደብኝ። እማዬ ግን እስከ ዛሬ አልገባትም። "እግዚአብሔር ቤት ሰጥቶህ ሜዳ የምታድረው ምን ጎድሎህ ነው?" ትለኛለች። ያን ጊዜ አብሮኝ የሄደው የአክስቴ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ሻንጣውን ሳሸክመው ሳቀና፣ "ወንድም ጋሼ፣ ለሸክም ከሆነማ መርካቶም ነበር" አለኝ።

ሳንታ ክሩዝ በስፓኒሽ ቅዱስ መስቀል ማለት ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚነገር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1769 ስፓኞች በዚያ ሲያልፉ አንድ ቄስ ጫፉ ላይ የብረት መስቀል ያለበትን በትራቸውን ደሴቷ ላይ ረስተው ሄዱ። ቹማሽ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች በትሩን አገኙና በታንኳ ወስደው መለሱላቸው ይባላል። ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት ደስታዋን አልችለው። እማዬ የወሎ ሰው ናት፣ ያደገችው አምባሰል ነው። ጤና ካላት መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሳትወጣ አትቀርም። ግማደ መስቀሉ ያለበት ቦታ ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያስቀመጡት። የእኛ ጉዞ ደግሞ እንዳጋጣሚ መስከረም 20 ላይ ዋለ። አስቤበት አይደለም፣ ክፍት ቦታ የተገኘው ያን ቀን ብቻ ስለነበር ነው። እማዬ ግን፣ "በል እንግዲህ፣ አንተም በዚያ እኔም በዚህ መስቀሉ ዘንድ እንውጣ" አለችኝ።

ማደሪያችን ዴል ኖርቴ የሚባል ካምፕ ነበር። ኦክ ዛፎች ሥር ያለ አራት ድንኳን መትከያ ብቻ ነው። ውኃ የለውም። ወደዚያ የሚያስኬዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አጭሩ ፕሪዝነርስ ሃርበር ከሚባለው ወደብ ይነሳል፣ 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእስረኞች ወደብ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830 የሜክሲኮ መንግሥት እስረኞች አምጥቶ የጣለበት። ረጅሙ ስኮርፒዮን ከሚባለው ወገን ይነሳና ሞንታኞን የሚባለውን ተራራ ተሻግሮ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እኔ እንግዲህ ጀግና ነኝ፣ ረጅሙን መረጥኩ። በስኮርፒዮን ገብተን፣ ዴል ኖርቴ አድረን፣ በማግስቱ በፕሪዝነርስ ሃርበር ጀልባ ልንወጣ።

ስኮርፒዮን ላይ የሚጠጣ ውኃ አለ። ከዚያ ወዲያ የለም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ስድስት ስድስት ሊትር ሞላን። ስድስት ኪሎ ማለት ነው፣ ከድንኳኑና ከምግቡ ሌላ። ውኃውን የያዝንበት ስስ የላስቲክ ከረጢት ነበር። ጠንካራ ኮዳ ይከብዳል ብዬ የገዛሁት እኔ ነኝ። በቃ፣ እኔ ነኝ።

አራት ሰዓት ላይ ተነሳን። ቀኑ ይጠብሳል። መንገዱ ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ የደረቀ ሣር ብቻ። ሰባት ሰዓት ገደማ ሞንታኞን ጫፍ አጠገብ ደረስን። ጫፉ 550 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ለሀበሻ ይሄ ተራራ አይባልም፣ ግን ከባሕር ጠለል ተነስታችሁ ስትወጡት ተራራ ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ተገንጥሎ ወደ ጫፉ የሚወስድ ጠባብ መንገድ አለ። "ሻንጣውን እዚህ እናስቀምጠውና ባዶ እጃችንን ወጥተን እንመለስ" አልኩ። እኔ አንድ ትንሽ ኮዳ ይዤ ወጣሁ። ከላይ ሁለቱም የባሕር ወገን ይታያል። ልጁ ቪድዮ ቀረጸ። ሃያ ደቂቃ ብንቆይ ነው።

ስንመለስ ሻንጣዎቻችን ላይ አራት ቁራዎች።

የዚያ ደሴት ቁራ ዚፕ ይከፍታል። ቀልድ አይደለም፣ የታወቀ ነው፤ ካምፖቹ ላይ የብረት የምግብ ሣጥን የተቀመጠው ከቁራና ከቀበሮ ለመዳን ነው። እኔም ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የተውኩት። ድፎ ዳቦው ተበጣጥሷል። ቆሎው ተበትኗል። ያ ሁሉ ምንም አልነበረም። የላስቲክ ከረጢቶቹን ወግተዋቸዋል። ውኃው ሻንጣውን አርሶ፣ መሬቱን አርሶ፣ መሬቱም ጠጥቶት ጨርሷል። ነቢዩ ኤልያስን ቁራ መገበው። የእኛ ቁራ ግን የኖኅ ቁራ ነው፣ ወስዶ የማይመለስ።

የተረፈን ከትንሿ ኮዳና ከአንዱ ከረጢት ታች የቀረው ተደምሮ አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ይመለሳል። ስኮርፒዮን ውኃ አለ፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ልጁም "እንመለስ" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የነገው ጀልባችን በዚያኛው ወደብ ነው፣ ቁልቁለቱም በዚያም በኩል አለ፣ እንደርሳለን አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ አፍሬ ነው። ሰባት ዓመት የሄድኩ ሰው ቁራ መለሰኝ ማለት ከበደኝ። ትዕቢት ሌላ ስም የላትም።

ከተራራው ወርደን ደሴቷ የምትጠብበት ቦታ ደረስን። በግራም በቀኝም ውቅያኖስ ነው። ዓይን እስኪጠግብ ውኃ፣ አንድ ጉንጭ የማይጠጣ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሸለቆ መውረድና መውጣት ነው። አንዱን ስትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው አለቀ። መጀመሪያ ልጁ ቀልዱን ተወ። ቀጥሎ ወሬውን ተወ። ከዚያ እግሩን ቁርጥማት ይዞት እየቆመ እየቆመ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ኦክ ዛፍ ሥር ቁጭ አለና አስመለሰው። ፊቱን ስነካው ይፋጃል፣ ላብ ግን የለውም። "ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ልተኛ" አለኝ። ልተኛ ሲል ደነገጥኩ።

ስልኬን አወጣሁ፤ ምንም። ትቼው ወደ ካምፑ ልሩጥ? ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ካምፑስ ላይ ሰው ባይኖር? ስመለስ ጨልሞ ባጣውስ? አክስቴ አውሮፕላን ጣቢያ ስትሸኘው በስልክ ያለችኝ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ "አደራ፣ ለአንተ ነው የሰጠሁት።"

ተንበረከክሁ። የሚያምር ጸሎት አልጸለይኩም። "የግሸኗ እመቤት፣ የእኔን ጥጋብ በዚህ ልጅ ላይ አታድርጊው። እናቴ ደጅሽ ቆማለች፣ ስለ እሷ ብለሽ" አልኩ። በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ማለት አገር ቤት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የክብረ በዓሉ ሌሊት። ማሕሌት ተቁሟል ማለት ነው። ከዚያ ሌላ የማውቀው ስለጠፋኝ ከሕፃንነቴ የማውቀውን ጀመርኩ። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"፣ አርባ አንድ ጊዜ። በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ልጁም እንዳይተኛ ብዬ ጮክ እያልኩ።

ሃያ ስንተኛው ላይ እንደሆንኩ እንጃ፣ ከላይ ከመንገዱ፣ "ማነው የሚዘምረው?" የሚል ድምፅ በእንግሊዝኛ ሰማሁ።

አንዲት ሴትዮ ናቸው። ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ ሸብቷል፣ ስድሳውን አልፈዋል። በሁለት እጃቸው ምርኩዝ ይዘዋል፣ ጀርባቸው ላይ ትልቅ ሻንጣ። ልጁን አዩት። ምንም አልጠየቁኝም። ሻንጣቸውን አውርደው ከፈቱት።

ውስጡ ውኃ ነው። ልብስ የለም፣ ምግብ የለም፤ ሦስት ጋሎን ውኃ ብቻ። አሥራ አንድ ሊትር መሆኑ ነው።

ነገሩን በኋላ ነው የነገሩኝ። ኪሊማንጃሮ ለመውጣት እየተዘጋጁ ነበር። ሸክም ለመልመድ ሻንጣቸውን በውኃ ይሞላሉ። ዳገቱን ይወጡና፣ ቁልቁለቱ ጉልበታቸውን እንዳይጎዳው ውኃውን መሬት ላይ አፍስሰው ቀሏቸው ይመለሳሉ። ያን ቀን ከባላቸው ጋር በአጭሩ መንገድ ዴል ኖርቴ ገብተው ድንኳን ተክለዋል። ባልየው ሻይ ሲያፈላ እሳቸው "አንድ ሁለት ሸለቆ ልጨምር" ብለው ወጡ። አራት ጋሎን ነበር፣ አንዱን ከዛፉ በላይ ካለው ዳገት ላይ አፍስሰውታል። ሁለተኛውን ሊከፍቱ ሲሉ ድምፄን ሰሙ።

"ልደፋው ነበር እኮ" አሉኝ፣ ደጋግመው። "ልደፋው ነበር።"

ጋሎኖቹን መቼ እንደሞሏቸው ጠየቅኳቸው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቤታቸው። ያን ሰዓት እኔ ገና ከቤቴ አልወጣሁም። ቁራዎቹም ዚፓችንን አላዩትም።

ውኃውን በጉንጭ በጉንጭ ነበር የሰጡት፣ "ቶሎ ከጠጣ ያስመልሰዋል" እያሉ። ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት ነበራቸው፣ በጠበጡለት። ሻርፓቸውን አርሰው አንገቱ ላይ አደረጉ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ዓይኑን ገለጠና አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ "ማርያም ናት እንዴ?" አለኝ። ሳቄ ከዕንባዬ ጋር ወጣ። ሴትዮዋ ምን አለ ሲሉኝ እንዴት ብዬ ልተርጉም? "ያመሰግናል" አልኳቸው።

ካምፑ የደረስነው በባትሪ ነው። የእሱን ሻንጣ እኔ ደረቴ ላይ፣ ውኃውን እሳቸው። ባልየው ሾርባ ሰጡን። ልጁ ሽንቱን ሲሸና እንደዚያ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩበት ቀን የለም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ምስክርነት ነውና ሁሉም ይነገር።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ ተቀመጥኩ። የዚያች ደሴት ቀበሮ መጣች፣ የድመት ታክላለች፣ አትፈራም። ይህች ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ቁጥሯ ከመቶ በታች ወርዶ ነበር፣ ንስር እየጨረሳት። ሰዎች በረት ሠርተው አራቧት፣ ንስሮቹን ይዘው ከደሴቷ አወጡ፣ በ2016 ከመጥፋት አደጋ ዝርዝር ወጣች። ተያየን። እኔም ከዚያው ዝርዝር የወጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ያቋረጥኩት እግዚኦታ ትዝ አለኝ። የቆምኩበትን ቁጥር ስላላወቅኩት ከአንድ ጀመርኩ፣ አርባ አንድ ሞላሁ።

በማግስቱ ልጁ በእግሩ ወረደ። ጀልባዋ ወደ ቬንቹራ ስትጠጋ ስልኬ ነቃ፣ እማዬ ጋ ደወልኩ። አገር ቤት መሽቷል፣ ከግሸን ወርዳ ከዘመድ ቤት አርፋለች። ሁሉንም ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ውኃውን ለቁራ ትቶ ተራራ የሚያይ ልጅ ነው የወለድኩት?" አለችኝ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣

"ስለት ተስለሃል?"

"አዎ እማ። እመሰክራለሁ ብያለሁ።"

"አፍ ብቻ? ውኃም ጨምርበት።"

ዘንድሮ የመስቀል ዕለት ደመራ ከሚለኮስበት ግቢ ውስጥ ውኃ በካርቶን አስገባሁ። ፀሐዩ እንደዚያ ቀን ነበር። ልጁ ሁለት ሁለት ካርቶን ትከሻው ላይ እየጫነ ከመኪናው ያመላልሳል፣ ጎረምሳ ሆኗል። እናቶች ነጠላቸውን አናታቸው ላይ አድርገው እየመረቁ ይወስዳሉ። አንዷ፣ "የምን ስለት ነው ልጄ?" አሉኝ። "ረጅም ነው እማማ" ስላቸው ልጁ ከኋላዬ መጣና እጁን ዘረጋ።

"ወንድም ጋሼ፣ ቁራ ሳይመጣ አንድ ስጠኝ።"