ቬኔራ 7 እና ከጩኸቱ ስር የተገኘው ምልክት

ድሬዳዋ ሌሊት እንኳ በማትቀዘቅዝበት በሰኔ ወር ቤተሰባችን ፍራሽ አውጥቶ በረንዳ ላይ ይተኛ ነበር። በአንዳንዱ ዓመት ሊነጋጋ ሲል አጥቢያ ኮከብ በምሥራቅ በኩል ቁልጭ ብላ ትታየናለች። አባቴ ደግሞ ከበረንዳው ጥግ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ፣ የአጭር ሞገዱን ማዞሪያ በጣቱ ጫፍ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ ከጩኸቱ ስር የሰው ድምፅ ይፈልጋል። ወደዚያች ኮከብ፣ ወደ ቬነስ፣ ስለተላከችው የሶቪየት መንኮራኩር ስለ ቬኔራ 7 ባነበብኩ ቁጥር ያ የአባቴ ጣት ይታየኛል።

በ1960 ዓ.ም. ቬነስ የደረሰችው ቬኔራ 4 መሬት ሳትነካ በከባቢ አየሩ ውስጥ ሳለች ድምፅዋ ጠፋ፤ በ1961 ዓ.ም. የተከተሏት ቬኔራ 5 እና 6ም ዕጣቸው ያው ሆነ። ስለዚህ የቬኔራ 7 ማረፊያ ክፍል ከቲታኒየም ተሠርቶ፣ በምድር ላይ ካለው የአየር ግፊት 180 እጥፍ የሚሆነውንና 540 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀትን እንዲቋቋም ተደረገ። ነሐሴ 11 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሶቪየቶች የመንኮራኩር ማስወንጨፊያ ጣቢያ ከባይኮኑር ተነሥታ ታኅሣሥ 6 ቀን 1963 ዓ.ም. ቬነስ ደረሰች።

በመውረድ ላይ ሳለች ፓራሹቷ ስለተበላሸ ከመሬቱ ጋር በኃይል ተላተመች፤ ምልክቷም በዚያው ተቋረጠ ተባለ። የየመሣሪያውን መረጃ ተራ በተራ የሚያስተላልፈው ማቀያየሪያ ቀደም ብሎ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ትልክ የነበረው የሙቀት መጠንን ብቻ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የተቀዳው ቴፕ እንደገና ሲመረመር፣ ኃይሉ ከቀድሞው ወደ 1 በመቶ የወረደ ምልክት ከግጭቱ በኋላ ለ23 ደቂቃ ያህል መቀጠሉ ታወቀ። ምናልባት መንኮራኩሯ በጎኗ ወድቃ አንቴናዋ ከምድር አቅጣጫ ዞሮ ይሆናል። በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው፣ አበቃ የተባለውን ቴፕ በትዕግሥት መልሶ ማዳመጡ ነው።

የተገኘው ቁጥር 475 ዲግሪ ገደማ ነበር። በመውረድ ላይ ሳለች ሲጨምር የቆየው ሙቀት በነዚያ ደቂቃዎች አልተለወጠም፤ መንኮራኩሯ መሬት ላይ መቆሟን ካሳዩት ምልክቶች አንዱም የሙቀቱ ባለበት መርጋት ነው።