ሻጋታው ለምን ይመለሳል? ለደሴ መታጠቢያ ቤቶች

በረኪና ሲረጩት ጠፍቶ ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ጥግ ላይ የሚጠቁር ሻጋታ፣ የሚመለሰው በረኪናው ስላልሠራ አይደለም፤ ግድግዳው አሁንም ስለሚረጥብ ነው።

የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ብዙ ሰው «እርጥበት ይገባል» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። 10 ዲግሪ ላይ ያለ አየር ቢጠግብ እንኳ በሜትር ኩብ 9 ግራም ገደማ ተን ነው የሚይዘው። ሙቅ ሻወር ተወስዶበት 25 ዲግሪ የደረሰ ክፍል ግን እስከ 23 ግራም ይይዛል። ያ ሁሉ ተን ቀዝቃዛውን ብሎኬት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ በክረምትም ቢሆን ከሻወር በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መስኮቱን ክፈቱ። በሩን ግን ዝጉት፣ አለዚያ ተኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ልብስ ያሻግታል። ከበሩ ሥር 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል።

በአሮጌ ሕንፃ መስኮቱ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ወደ ጋራ የአየር ማስተላለፊያ ነው፤ እሱን ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ አንዱ በቆርቆሮ ደፍኖት ይሆናል። ሶፍት ወረቀት የማስተላለፊያው አፍ ላይ ያዙ። ካልተሳበ ፋን ያስፈልጋል። 1.5 በ2 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2.5 ለሆነ ክፍል በሰዓት 60 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ይበቃል። መመለሻ የሚከለክል ክዳን ያለው ይሁን፣ ካልሆነ የጎረቤት ወጥ ሽታ ይገባላችኋል።

ላቡ ነው ወይስ ፍሳሽ? ከደረቀው ግድግዳ ላይ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ላስቲኩን በክፍሉ በኩል ካላበው ጉዳዩ የአየር ነው፤ ከሥሩ ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ላይ መጀመሪያ ሁለተኛውን ጠርጥሩ። ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ ቆጣሪውን አንድ ሰዓት ተመልከቱ። ሮቶ ካላችሁ ግን ቆጣሪው አይነግራችሁም፤ የሮቶውን ማስገቢያ ዝጉና የውሃውን ልክ ማታና ጠዋት አነጻጽሩ። ምንም ካልቀነሰ የላይኛውን ጎረቤት የሻወር ወለል አስፈትሹ።

ማጽዳቱ ቀላሉ ነው። ደረቁን አትፋቁ፣ ብናኙ ይበተናል። መጀመሪያ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ ቀጥሎ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በ1.5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አለቅልቁ። ኮምጣጤም ሆነ የሽንት ቤት አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የጠቆረ ሲልከን አይታጠብም። በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ቦታው በደንብ ይድረቅ፣ ሻጋታ የሚከላከለውን ዓይነት ሙሉና 24 ሰዓት ውሃ አታስነኩት። ልስኑ ውስጥ ድረስ ከጠቆረ ደግሞ ከጥቁሩ 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ እስከ ብሎኬቱ ይነሳ። ሲለሰን በሲሚንቶ ይሁን፤ ጂፕሰም ውሃ ይጠጣል። ቀለም ቀቢው ቢቸኩልም 28 ቀን ይጠብቅ።