ከዝርዝሩ የሰረዝኳቸው እናት

ለድሃ ቤተሰቦች በየወሩ ገንዘብ በሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት ዞረው የሞሉትን ቅጽ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። ስንት ሕፃን አለ? ሠርቶ የሚያበላ ሰው አለ? ጣሪያው ያፈሳል? ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ቤት ነጥብ ይሰጥና በጣም ከተቸገረው ጀምሮ ወደ ታች ይደረድራል።

ጣጣው የሚጀምረው ከኮታው ነው። ድሃው ተቆጥሮ ሳያልቅ “ለእናንተ ይህን ያህል ሰው” የሚል ደብዳቤ ከላይ ይመጣል። ቁጥሩ አንድም ጊዜ በቅቶን አያውቅም። ስለዚህ ዝርዝሩ መሃል ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በላይ ያለው ያገኛል፣ ከሥር ያለው ይጠብቃል። ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ባለውና ትንሽ ዝቅ ባለው ቤት መሃል ግን የኑሮ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ፖለቲካው የሚገባው እዚያች ጋ ነው።

ምርጫ ሦስት ወር ሲቀረው አለቃዬ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። 37 ስም። “እነዚህም ድሆች ናቸው፣ አስገባቸው” አለኝ። ማን እንደላከው አልጠየቅኩም፤ ገብቶኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሀብታም ተመዝግቦ የድሃ ገንዘብ በላ ብሎ ያስባል። እኛ ጋ እንደዚያ አልነበረም። ከ37ቱ አብዛኞቹ የእውነት ድሆች ነበሩ። ድሃ በድሃ ነው የተተካው። ልዩነቱ አንደኛው ስብሰባ ሲጠራ ይመጣል፣ ሰው ያውቃል። ሌላኛው ማንንም አያውቅም።

ኮታው አይለጠጥም። 37 ለማስገባት 37 ማውጣት ግድ ነው። ከመስመሩ በላይ ካሉት የመጨረሻዎቹን 37 መርጬ ሰረዝኩ። ሲስተሙ ምክንያት ካልተሞላ አያልፍም። ከቀረቡት አማራጮች “ኑሮ ተሻሽሏል” የሚለውን ለሁሉም ሞላሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ።

በሚቀጥለው የክፍያ ቀን አንዲት እናት መስኮቴ ጋ መጡ። ከጉያቸው የተጠቀለለ ፌስታል አወጡ። ውስጡ የምዝገባ ወረቀታቸው ነበር። አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል። ቀስ ብለው ዘረጉት።

“ልጄ፣ ስምሽ የለም አሉኝ። እስቲ አንተ እየው።”

አየሁት። ምን እንደሚል ሳላይም አውቀዋለሁ።

“ምን ይላል?”

“ኑሮዎ ተሻሽሏል ይላል፣ እማማ።”

ዝም ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። “ማን መጥቶ አየው?” አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ይሂዱ አልኳቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አለቃዬ ነው።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። በሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ የአፈጻጸም ሪፖርት ተነበበ። “ከድህነት የወጡ” በሚለው ረድፍ ውስጥ የኔ 37 ሰዎች ተደምረዋል። አዳራሹ አጨበጨበ። ለካስ ያች ሳጥን ውስጥ የሞላኋት ውሸት ወደ ላይ ስትወጣ ስኬት ሆናለች። ከላይ ያለው ውጤት ይፈልጋል፤ ከታች ያለው ቦታ ማስለቀቅ ይፈልጋል። ሁለቱም ፍላጎታቸውን ያገኙት በእኚያ እናት ስም ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደተወጡት ማንበብ ጀመርኩ። ሜክሲኮ ውስጥ ካርሎስ ሳሊናስ እ.ኤ.አ. በ1988 ብዙ ውዝግብ ባስነሳ ምርጫ ሥልጣን እንደያዙ ፕሮናሶል የተባለ ሰፊ የፀረ ድህነት ፕሮግራም ጀመሩ። በኋላ ወጪውን ያጠኑ ተመራማሪዎች ገንዘቡ ድህነትን ብቻ ሳይሆን የድምፅ ስሌትንም ተከትሎ እንደፈሰሰ አሳዩ። በ1997 ፕሮግሬሳ መጣ። ተጠቃሚው በቀመር ይለያል፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለእናቶች ይሰጣል፣ ምርጫ ሲቃረብ አዲስ ሰው አይመዘገብም። በ2000 ለ71 ዓመት የገዛው ፓርቲ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን አጣ። ፕሮግራሙ ግን ስሙን ቀይሮ ቀጠለ፣ ወደ ከተሞችም ሰፋ። ሆኖም ዘላለማዊ አልሆነም፤ በ2019 ሌላ መንግሥት ዘጋው።

ቀመር ግን እኛም ነበረን። ቀመሩን ያለፈው የእጅ ጽሑፍ ነው። የያዝኩትን ሐሳብ ያገኘሁት ከህንድ ነው። ራጃስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ተደራጅተው የመንግሥት ሥራ የደመወዝ መዝገብ ይታየን አሉ። ሕዝብ ተሰብስቦ ስሙ አንድ በአንድ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። የሞቱ ሰዎች ስም ሳይቀር ተገኘ። በ2005 ለገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ ዋስትና የሰጠው ሕግ ሲወጣ ይህ የሕዝብ ኦዲት በሕጉ ውስጥ ገባ።

ምርጫው ካለፈ በኋላ ለበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ያደረግኩትን ሳልሸሽግ ጻፍኩ፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት እንዲነበብም ጠየቅኩ። አለቃዬ ለሳምንታት አላናገረኝም። የተፈቀደው ለሚቀጥለው ዙር ብቻ ነው።

በንባቡ ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስም ስጠራ ሰዉ “ትክክል ነው” ይላል። አንድ ስም ላይ ዝም አለ። ደግሜ ጠራሁት። ከኋላ አንድ ወጣት ተነስቶ “እሱ እኮ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ቆየ” አለ። ባለሥልጣኖቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ማንም አልተከራከረም። እዚያው ሰረዝኩት፤ ምክንያቱንም በሰዉ ፊት ጻፍኩ።

የእማማ ስም ሲነበብ ከየአቅጣጫው “ትክክል ነው!” ተባለ። ተመለሱ። ያለፋቸውን ወራት ገንዘብስ ብዬ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅኩ። በጀቱ ተዘግቷል አሉኝ።