ከአፍንጫ የሚለካ ሂስታሚን፦ ቁጥሩ የሚታመነው መቼ ነው?

አለርጂ ካለበትና ከጤነኛ ሰው አፍንጫ አንድ አንድ ናሙና ወስዶ ሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ ከሴሎች የሚለቀቅ፣ ማስነጠስና ማሳከክ የሚያመጣ ኬሚካል) ማወዳደር ቀላል ይመስላል። ግን አለርጂ ቀስቃሽ ነገር ባልነካው አፍንጫ ላይ የሁለቱ መጠን ብዙ ጊዜ ይደራረባል። የሚለያቸው ቀስቃሹ ከተሰጠ በኋላ የሚታየው ጭማሪ ነው። ለዚህ ነው ከመለኪያ ማሽኑ በፊት አፍንጫው እንዴት እንደታጠበ የምጠይቀው።

አጠባው እንዲህ ነው። ሰውየው ተቀምጦ ራሱን ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለብ ያለ 0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሊትር ይገባል። ትንፋሹን ይዞ፣ ሳይውጥ 10 ሰከንድ ያህል ይቆይና ጎንበስ ብሎ በፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ያፈሰዋል። ከዋጠ ፈሳሹ በጉሮሮው ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዋናው ሥራ በፊት አንዴ ቢለማመድ ይሻላል።

የመጀመሪያው እጥበት ንፍጡ ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ይወጣል፤ ሂስታሚን ማምረት የሚችሉ ባክቴሪያዎችም አሉ። አራት ጊዜ ያህል አጥቦ መጀመሪያ የወጡትን መድፋትና የመጨረሻውን መነሻ ማድረግ ይገባል። ቀጥሎ ቀስቃሹ የተሟሟበት ፈሳሽ ብቻውን ይሰጣል። በዚህም ሂስታሚን ከጨመረ ችግሩ ከፈሳሹ ወይም ከአፍንጫው መቆጣት ነው፤ የቀጣዩ ውጤት አይታመንም። ከዚያ ቀስቃሹ ከትንሽ መጠን ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፣ ከእያንዳንዱ በኋላ 10 ደቂቃ ገደማ ተጠብቆ ይታጠባል። ጤነኞቹም ያንኑ መጠን መውሰድ አለባቸው፤ ያለዚያ ንጽጽር የለም። ይህ ሐኪም ባለበት፣ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ የሚደረግ ነው፤ አስሙ ያልተረጋጋ ሰው ላይ አይሞከርም።

ሂስታሚን በኢንዛይም ቶሎ ይፈርሳል፣ የዘገየ ሰው ከፍታውን ያጣዋል። ከሰዓታት በኋላ ግን አንዳንድ ሰው ላይ እንደገና ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ያስተዋሉት ደስ የሚል ነገር አለ፦ በሁለተኛው መነሳት ሂስታሚን ሲጨምር ፕሮስታግላንዲን ዲ2 የተባለው ሌላው የአለርጂ ኬሚካል አይጨምርም። ማስት ሴል (በአፍንጫ ሽፋን ውስጥ የሚኖር የአለርጂ ሴል) ሁለቱንም ይለቃል፣ ቤዞፊል (ከደም የሚመጣ ነጭ የደም ሴል) ግን ፕሮስታግላንዲን ዲ2 አይለቅም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቤዞፊል ዞረ። በእኔ እምነት ሂስታሚንን ብቻውን መለካት ግማሽ መልስ ነው፤ የማስት ሴል ምልክት የሆነው ትራይፕቴዝ አብሮ ቢለካ ምንጩ ይታወቃል።

ብዙ ናሙና የሚበላሸው ላቦራቶሪ ሳይደርስ ነው። ኩባያው በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ ፈሳሹ በ4 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በ400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ) ገደማ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ (እያሽከረከረ ሴሎችን ወደ ታች በሚያዘቅጥ ማሽን) ይዙር፤ ከላይ ያለው ጥርት ያለ ክፍል ብቻ ተቀድቶ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። ሳይዞር ከቀዘቀዘ ሴሎቹ ሲቀልጡ ይፈነዱና የያዙትን ሂስታሚን ያፈሳሉ፤ ቁጥሩ በሐሰት ያብጣል። ሂስታሚን ብርጭቆ ላይ ስለሚጣበቅ ቲዩቡ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን።

ሞለኪውሉ 111 ዳልተን ብቻ ስለሆነ ፀረ እንግዳ አካል በደንብ እንዲይዘው በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል በሚለካ የላቦራቶሪ ምርመራ) ከመለካቱ በፊት አሲሌሽን (ሌላ ኬሚካላዊ ቡድን የማያያዝ ሥራ) ይደረግለታል። እዚህ ላይ ስታንዳርዱን (መጠኑ የታወቀውን ማወዳደሪያ) በውሃ፣ ናሙናውን በሳላይን ማዘጋጀት ስሕተት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ፈሳሽ፣ በአንድ ሰዓት አሲሌሽን ይደረግላቸው።

የገባው 10 ሚሊ ሊትር ሙሉ በሙሉ አይመለስም። 8 ሚሊ ሊትር ተመልሶ በሚሊ ሊትር 2 ናኖግራም ከተገኘ ጠቅላላው 16 ናኖግራም ነው፤ 5 ሚሊ ሊትር ተመልሶ 3 ናኖግራም ቢገኝ 15 ነው። ክምችቱን ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛው በግማሽ ይበልጣል ይላል፤ ክምችቱንም ጠቅላላውንም መጻፍ ይበጃል። ሳላይኑ ናሙናውን ማቅጠኑ ካስቸገረ የማጣሪያ ወረቀት ቁራጭ አፍንጫ ግድግዳ ላይ አስቀምጦ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ መመዘን ይቻላል፤ ክብደቱ የተወሰደውን ፈሳሽ መጠን ይነግራል።

ስለ መድኃኒት፦ አንቲሂስታሚን በዋናነት የሂስታሚኑን መቀበያ ነው የሚዘጋው። ሰውየው ማስነጠሱን ቢያቆምም እጥበቱ ውስጥ ሂስታሚን ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የአፍንጫ ስቴሮይድ ግን መለቀቁን ራሱን ስለሚቀንስ፣ ከምርመራው ሳምንታት ቀደም ብሎ በሐኪም ፈቃድ መቆም አለበት።