ባትሪውና ጥጡ

ድመቷን መኪና ገጭቷት ነው ወደ እንስሳት ክሊኒካችን ያመጧት። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ጭንቅላቷ ግን በቀኝ በኩል ክፉኛ አብጧል። ነፍስ ከዘራች በኋላ መብላትም መራመድም ጀመረች። ችግሩ፣ በግራዋ በኩል ካለ ነገር ሁሉ ጋር ትጋጫለች። «ልጄ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ይሆን?» አሉኝ ባለቤቷ።

አለቃዬ ባትሪውን አብርቶ ሁለቱንም ዓይኗን አየ። ብሌኖቿ ጥብብ አሉ። «ታያለች እትዬ፣ አያስቡ። ደንግጣ ነው» ብሎ ባትሪውን ኪሱ ከተተ።

እንዲህ ሲባል ያናድደኛል። ብሌን በብርሃን የሚጠበው በአቋራጭ መንገድ ነው። ከሬቲና፣ ከዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ የተነሳው መልእክት መካከለኛው አንጎል ደርሶ ከዚያው ይመለሳል፤ የሚታየውን ወደሚተረጉመው የአንጎል ክፍል፣ ወደ ቪዥዋል ኮርቴክስ፣ አይወጣም። ኮርቴክሷ የተጎዳ ድመትም ብሌኗ እንደ ጤነኛ ይጠባል።

ጥጥ አነሳሁ። ጥጥ ሲወድቅ ድምፅ ስለሌለው ጆሮዋ አያግዛትም። በቀኟ ጣልኩት፤ ዓይኗም አንገቷም አብረው ተከተሉት። በግራዋ ጣልኩት፤ ንቅንቅ አላለችም። ደገምኩት፣ ያው ነው።

«ዓይን የሚያዞረው መካከለኛው አንጎል ላይ ያለው ሱፒሪየር ኮሊኩለስ ነው» አለኝ አለቃዬ። «እሱ ደግሞ ከሬቲና በቀጥታ ይደርሰዋል። ኮርቴክሷ ቢጎዳስ ዓይኗን እንዳታዞር ምን ይይዛታል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። የአንጎል ተመራማሪው ጀምስ ስፕራግ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ጥናት የተሠራው በድመቶች ላይ ነው። የአንድ ጎን ቪዥዋል ኮርቴክስ ሲወጣ ድመቷ በተቃራኒው ጎን ለሚመጣ ነገር ዓይኗንም ራሷንም ማዞር ተወች። ከዚያ በሌላኛው ጎን ያለው ኮሊኩለስ ሲነሳ መልሳ ማዞር ጀመረች። ሁለተኛ ጉዳት ተጨምሮባት ተሻላት! ሁለቱን ኮሊኩለሶች የሚያገናኙት ነርቮች ብቻ ሲቆረጡም መሻሻል መጣ። የተጎዳው ጎን ኮሊኩለስ አልሞተም ነበር ማለት ነው። ከላይ የሚደግፈው ኮርቴክስ ሲቀርበት፣ ከማዶ የሚመጣው ጫና በርትቶበት ነው ዝም ያለው።

ይህንን እዚያው ቆሜ ነገርኩት። «እኛ ጋ የመጣችው የሰው ድመት ናት፤ ላብራቶሪ አይደለም» አለና ወጣ።

ለእትዬ ግን ያየሁትን ነገርኳቸው። ዓይኗ ደህና ነው፣ የግራውን የማታይበት ምክንያት አንጎሏ ነው፤ እብጠቱ ሲቀንስ ሊመለስላት ይችላል። ከቤት እንዳትወጣ፣ ምግቧን በቀኟ ያስቀምጡላት፣ በግራ በኩል በድንገት አይንኳት። መኪና ከግራዋ ቢመጣ አታየውማ! «ደንግጣ ነው» ተብለው ወደ ግቢ ቢለቋትስ?

ለክትትል ስትመለስ ጥጡን በሁለቱም በኩል ተከተለች። አለቃዬ ሳቀ። «ታያለች ብዬ አልነበር?» እትዬ እሱን መርቀው ሄዱ።

በድመቷ መዳን ከልቤ ደስ ብሎኛል። ካርዷ ላይ ግን የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት በእኔ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦ «ብሌን በሁለቱም በኩል ይጠባል። በግራ ጥጥ አልተከተለችም።»