የጥር ናሙና

ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ አንዲት የጎለበተች፣ ማለትም ዓይኗ በግንብ ተከልሎ ውሃዋ በቧንቧ የሚቀዳ፣ ምንጭ አለች። ትርፍ ውሃዋ ወርዶ ጨሞጋ ይገባል። ጨሞጋ ያው ከጮቄ ተነስቶ ዓባይ የሚቀላቀለው ወንዝ ነው። እኔ ያኔ የውሃ ጥራት ባለሙያ ነበርኩ።

ጥር ላይ ሄድኩ። መንገዱ ደረቅ፣ ሞተር ሳይክሉም ሰላም። የቧንቧውን አፍ በእሳት ለብለብ አድርጌ ናሙናውን ቀዳሁ፤ በበረዶ ሳጥን ይዤ ተመለስኩ። 100 ሚሊ ሊትሩን አጥልዬ ማጣሪያ ወረቀቱን በ44 ዲግሪ ሙቀት አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው አንድም ቢጫ ነጥብ የለበትም። ቢጫው ነጥብ ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ ምልክት ነው። በሚጠጣ ውሃ ላይ አንድም መኖር የለበትም። «ለመጠጥ ተስማሚ» ብዬ ፈረምኩ።

አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር። ከምንጩ በላይ ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ በአፈር ተሞልቷል። አጥሩ ፈርሶ ማሳው እስከ ምንጩ አናት ድረስ ታርሷል። ውጤቱ ንጹህ ከሆነ ምን አገባኝ ብዬ የቅጹን የምልከታ ገጽ ባዶውን ተውኩት።

ሐምሌ ላይ ከጤና ኬላው ተቅማጥ በዛ የሚል ወሬ መጣ። ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ስለቀረ የቀረውን መንገድ በእግሬ ነካሁት። ምንጩ ጋ አንዲት እማሆይ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ አንተ የምትመጣው ውሃው ደህና ሲሆን ነው» አሉኝ። ጀሪካኑን ዘቀዘቁት። መጨረሻ ላይ የወረደው ጭላጭ ቀይ ነው፤ አተላ ይመስላል። በጣቶቼ መሀል አሸሁት። የማሳው አፈር!

«ዝናብ ባደረ ቁጥር እንዲህ ነው።»

አፈርኩ። ዝናብ ሲጥል የሚደፈርስ ምንጭ የላይ ጎርፍ እየገባበት ነው፤ ይህን ተማሪ እያለሁ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ከአፈሩ ጋር እበቱም ሌላውም ይገባል። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ማከሚያ ቢጨመርበት እንኳ ድፍርሱ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ አስቀድሞ ማጥለል ያስፈልጋል። በማግስቱ ማጣሪያ ወረቀቱ ቢጫ በቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። መቁጠር አቃተኝ።

ቦዩን የቀበሌው ሰው በአንድ ቀን ጠረገው። ማሳው ግን አስቸገረ። ባለቤቱ «ድንቼን ማን ሊሰጠኝ ነው?» አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌዎች ገብተው ስንት ቡና ከተጠጣ በኋላ ከምንጩ አናት ያለው ቁራሽ ተከለለ። ከብት አይገባበትም። ሳሩን ግን እሱ ብቻ እያጨደ ይወስዳል።

አሁን ክረምት ሲገባ እማሆይ በልጅ ልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። «ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ ጠርሙስህን ይዘህ ና።»