የቧንቧ ፍተሻ ሥራዬን በአጫጭር ቪዲዮዎች እንዴት እንዳስተዋወቅሁ

ሥራዬ የቧንቧ ፍተሻ ነው፤ ጥገና አልሠራም። የውሃ መስመሩ ግፊት መያዙን፣ ፍሳሹ በአግባቡ መውረዱን፣ ከግድግዳና ከወለል ሥር የሚያፈስ ነገር መኖር አለመኖሩን መርምሬ ውጤቱን በጽሑፍ አስረክባለሁ፤ ሴራሚክ መስበሩንና ቧንቧ መቀየሩን ደንበኛው ለመረጠው ባለሙያ እተዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ ማስተዋወቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ፍተሻ ለብቻው የሚሸጥ አገልግሎት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ የሚጠራው ውሃው ወለል ላይ ከተኛ በኋላ ነው፤ ለማየት ብቻ ገንዘብ ይከፈላል ሲባል ብዙው ሰው ፈገግ ይላል። ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ደግሞ ስልክ ቁጥሬን ከመንገር አልፎ ለምን መደወል እንደሚያስፈልግ አያስረዳልኝም። ወደ አጭር ቪዲዮ ፊቴን ያዞርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

መቅረጽ ከመጀመሬ በፊት ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። በእያንዳንዱ ቪዲዮ ተመልካቹ በገዛ ቤቱ ሊደግመው የሚችል አንድ ፍተሻ ብቻ ይቀርባል፤ ስለ ድርጅቴ የሚነገር ነገር ቢኖር መጨረሻ ላይ የሚታየው ስልክ ቁጥር ነው። ወዳጆቼ ሙያህን በነፃ እያደልህ ነው ብለው ተቃውመውኝ ነበር። እኔ ግን ውሃ እየባከነበት መሆኑን በዓይኑ ያየ ሰው «ታዲያ የሚያፈሰው የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቁ እንደማይቀር፣ ይህን ደግሞ ያለ መሣሪያና ያለ ልምድ ሊመልሰው እንደማይችል አውቅ ስለነበር በሐሳቤ ጸናሁ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ስለ ውሃ ቆጣሪ ነበር። በብዙ ቆጣሪዎች ፊት ላይ፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ፣ በጣም ጥቂት ውሃ ሲያልፍ እንኳ የምትዞር ትንሽ ኮከብ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለች። የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ይህች ምልክት መዞሯን ካላቆመች ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው። ስልኬን ከቆጣሪው በላይ አቆምኩና ረዳቴ በየክፍሉ እየዞረ ቧንቧዎቹን ሲዘጋ፣ ከዚያም ምልክቷ መዞሯን ስትቀጥል በአንድ ትንፋሽ፣ ሳላቋርጥ ቀረጽኩት። ቪዲዮው መካከል ላይ ቢቆረጥ ተመልካቹ «ቧንቧውን መልሰው ከፍተውት ይሆናል» ብሎ ይጠረጥራል፤ ቢጠረጥርም አልፈርድበትም።

ከተመልካቾች የመጣው ጥያቄ ለቀጣዮቹ ቪዲዮዎች መነሻ ሆነ። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ሮቶ ስላለው፣ ሮቶው እየሞላ ባለበት ሰዓት ቆጣሪው ቢዞር የሚያፈስ ነገር መኖሩን አያሳይም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም በመስመሩ ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ስለሚገፋ ቆጣሪው ለጥቂት ጊዜ ሊሽከረከር ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው መደረግ ያለበት ውሃው መጥቶ ከተረጋጋ በኋላ፣ ወደ ሮቶ የሚያስገባው ቫልቭ ተዘግቶ መሆኑን በሁለተኛው ቪዲዮ አሳየሁ። ከሮቶው ወደ ቤት የሚገባውን መስመር በተመለከተ ግን ቆጣሪው ምንም አይነግረንም። ለዚህኛው፣ ማታ የሮቶውን መግቢያ ዘግቶ የውሃውን ከፍታ ምልክት ማድረግና ማንም ውሃ ሳይጠቀም ጠዋት ማየት ይበቃል። በሌላ ቪዲዮ በሰከንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧ ሥር ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አስቀምጬ በማግስቱ በዚያው ሰዓት አሳየሁት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በቀን 86,400 ጠብታ ይወርዳል፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ቢሆን ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሒሳቡን ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ሊሞላ የተቃረበውን ጀሪካን ሲያይ ይደውላል።

ሥራዬን በትክክል ምን እንደሆነ ያስረዳልኝ ግን የኮንዶሚኒየሙ ቪዲዮ ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ወደ ታችኛው ቤት ኮርኒስ የሚወርድ ውሃ የጎረቤት ጠብ ዋና ምንጭ ነው። ታች ያለው «ከላይ ነው» ይላል፤ ላይ ያለው ወለሉን እያሳየ «የእኔ ቤት ደረቅ ነው» ይላል። አንድ ክረምት ላይ በተጠራሁበት ሕንፃ የላይኛው ቤት ባለቤት አንዲት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ቤቴ እንደምታየው ነው፤ ይሄ ዝናቡ ይሆናል» አሉኝ፣ ወቅቱም ክረምት ስለነበር ግምታቸው ከንቱ አልነበረም። ረዳቴን ታች ትቼ በሁለት ስልክ እኩል መቅረጽ ጀመርን። በቅድሚያ የውሃ መስመሩን ዘግቼ በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጠሁትና የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት ከቦታው አለመነቃነቁን አሳየሁ፤ በዚህም መስመሩ ከጥርጣሬ ነፃ ሆነ። ቀጥሎ የሻወሩን ፍሳሽ መውረጃ ደፍኜ በምግብ ቀለም የቀላ ውሃ ወለሉ ላይ አጠራቀምኩ። ቆየት ብሎ ያው ቀይ ውሃ ታች ኮርኒሱ ላይ ብቅ አለ። የሚያፈሰው ቧንቧው ሳይሆን የወለሉ ውሃ መከላከያ ነበር። እናትየው የታችኛውን ስልክ ቪዲዮ ካዩ በኋላ አልተከራከሩም፤ የጠየቁኝ የብሎክ ቁጥሩ፣ በራቸውና ድምፃቸው እንዳይወጣ ብቻ ነበር። እንደተስማማነው አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲህም ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ አንድም ቪዲዮ አላወጣም።

ሁለቱን ምስሎች ላይና ታች አድርጌ በአንድ ስክሪን ያቀረብኩት ይህ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ የሚደውሉልኝ ሰዎች ማንነት ተለወጠ። ከቤት ባለቤቶች ይልቅ የነዋሪዎች ኮሚቴ አባላት በረከቱ፤ የሚፈልጉትም ሁለቱም ወገን የሚቀበሉት ገለልተኛ ምስክር ነበር። ጥገና ስለማልሠራ ችግሩን በማጋነን የማገኘው ጥቅም የለም፤ ይህን ቀድሞ እንደ ድክመት እያየሁ በማስታወቂያዬ ላይ አልጠቅሰውም ነበር፣ አሁን ግን በእያንዳንዱ ቪዲዮ መጀመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገረዋለሁ።

ስለ ቀረጻው ብዙ የምለው የለኝም። ከመታጠቢያ ገንዳ ሥርና ከማንሆል ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ከስልኩ ይልቅ ጥሩ የግንባር መብራት መግዛት ይሻላል፤ መብራቱ በጎን በኩል ከመጣ እርጥበት ያበጠው ቀለም ጎልቶ ይታያል፣ ፊት ለፊት ከበራ ግን ግድግዳው ለጥ ያለ መስሎ ይቀራል። ፓምፕ ባለበት ድምፅ መቅዳት ስለማይቻል ማብራሪያውን በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ታክሲ ውስጥና ቢሮ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ስለሆነ ጽሑፍ ግድ ነው፤ የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያዎቹ ከሚያቀርቧቸው የፊደል ቅርጾች አብዛኞቹ ለላቲን የተሠሩ በመሆናቸው እኔ ኖቶ የሚባለውን ነፃ የኢትዮጵያ ፊደል እጠቀማለሁ። ሙዚቃ አላስገባም፤ የጠብታ ድምፅ ለብቻው ሲሰማ ሰውን የበለጠ ይረብሸዋል።

የደወለልኝን ሰው ሁሉ የትኛውን ቪዲዮ እንዳየ ጠይቄ በደብተር እመዘግባለሁ። ከምዝገባው የተረዳሁት ነገር ቢኖር ብዙ ሰው ያየው ቪዲዮና ብዙ ሰው ያስደወለው ቪዲዮ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ኮርኒስ ድረስ ሲረጭ የሚያሳየው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ እጅግ ብዙ ሰው ቢያስቅም፣ በእሱ ምክንያት የደወለ ደንበኛ በደብተሬ ውስጥ የለም። ቴሌግራም ላይ ጥቂት ሰው ያየው የሮቶው ፍተሻ ግን በየቤተሰቡ ስለሚላላክ ሥራ ማምጣቱን አላቋረጠም።

ያልጠበቅኋቸው ደንበኞች ከውጭ አገር መጡ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው አዲስ አበባ ቤት ሊገዙ የተዋዋሉ ሰዎች ወንድም ወይም እህት ልከው ከማሳየት ይልቅ ያልተቆረጠ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። ለእነሱ ቆጣሪውን፣ የግፊት ጌጁንና የፍሳሽ ፍተሻውን በቅደም ተከተል ቀርጬ ከጽሑፍ ሪፖርቱ ጋር በቴሌግራም እልካለሁ፤ ቴሌግራም ምስሉን አጥብቦ ጥራቱን እንዳይቀንሰው እንደ ፋይል አድርጌ ነው የምልከው። ለማስታወቂያ ብቻ የምሄድበት ቀረጻም ከዚህ በኋላ ቀረ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ከሪፖርቱ ውስጥ ለ1 ደቂቃ የሚበቃውን ክፍል ወስጄ አወጣለሁ፣ ካልፈቀደም ፋይሉ ከእሱ እጅ አይወጣም።